ዳቦና ጠላ የሚለምን ድንጋይ

በፓሪስ ኮንኮርድ አደባባይ መሐል የቆመው የግብፅ ሐውልት ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዳግማዊ ራምሴስ አስጠርቦ በሉክሶር ቤተ መቅደስ ደጃፍ ከመንትያው ጋር ያቆመው ነው። መንትያው ዛሬም እዚያው አለ። ይኸኛውን የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ሰጠውና በ1836 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እጅግ ብዙ ሕዝብ እያየ ተተከለ። ሐውልቱ በአገሩ ሳለ በቆመበት መሠረት ላይ ዝንጀሮዎች ተቀርጸው ነበር። እጆቻቸውን ወደ ላይ አንሥተው የምትወጣዋን ፀሐይ ይቀበላሉ። ችግሩ ወንድነታቸው አለመሸፈኑ ነበር። ይህ ለፓሪስ አደባባይ ነውር ሆኖ ስለ ተገኘ ዝንጀሮዎቹ ሉቭር ሙዚየም ገቡ። ለሐውልቱ አዲስ መሠረት ተሠራለት፤ በዚያም ላይ ድንጋዩን ለማውረድ፣ ለማጓጓዝና ለማቆም ያገለገሉት መሣሪያዎችና ገመዶች በወርቅ ቀለም ተሥለው ይታያሉ።

ምዕራባውያን ለጥንታዊቷ ግብፅ ሃይማኖት ያላቸውን ትዝታ ባሰብሁ ቁጥር እነዚህ ዝንጀሮዎች ይመጡብኛል። ሐውልቱ የተተከለው ለፀሐይ ነው፤ ጫፉ የማለዳዋን የመጀመሪያ ጨረር እንዲቀበል። ዝንጀሮዎቹም እዚያ የተቀረጹት ለጌጥ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ሲንጫጩ ያስተዋሉ ግብፃውያን፣ እነዚህ እንስሳት ለፀሐይ አምላክ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ያዜማሉ ብለው ያምኑ ነበር። ጎፈራሙ የዝንጀሮ ዝርያ የግብፅ ዱር አራዊት አልነበረም፤ ፑንት ይሉት ከነበረው አገር በመርከብ ይመጣ ነበር። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በግብፅ ከተገኙ የደረቁ የዝንጀሮ አስከሬኖች ተነሥቶ የትውልድ ስፍራቸውን ሲፈልግ ወደኛው ቀንድ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ወደምንላቸው አገሮችና ወደ የመን ጠረፍ አመልክቷል። ዘመዶቻቸው ዛሬም በአዋሽ ሸለቆ ማለዳ ማለዳ ይንጫጫሉ። ፓሪስ ድንጋዩን ወሰደች፤ ጸሎተኞቹን አስወጣች፤ በቦታቸው የራሷን መሣሪያ ሣለች።

አንድ ሥልጣኔ የሌላውን ሃይማኖት አስታውሳለሁ ሲል ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይኸው ነው። ምዕራቡ ዓለም ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ከግብፅ ምስጢር ሲጠብቅ ኖረ። የግብፅ ሃይማኖት ግን ከምስጢር ይልቅ ሥራ ነበር።

ሥራውን እንየው። የትልቅ ቤተ መቅደስ ቀን የሚጀምረው በዳቦ ጋጋሪዎች፣ በጠላ ጠማቂዎችና በከብት አራጆች ነው። ሲነጋ ተረኛው ካህን ታጥቦ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ የተልባ እግር ልብስ ለብሶ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። የአምላኩ ምስል ያለበትን ሣጥን የጭቃ ማኅተም ይሰብራል፤ መቀርቀሪያውን ይስባል፤ በምስሉ ፊት በግንባሩ ይወድቃል። ዕጣን ያጥናል። የትናንቱን ልብስ ያወልቅለታል፤ ያጥበዋል፤ አዲስ ያለብሰዋል፤ ቅባት ይቀባዋል፤ ገበታ ያቀርብለታል። ከዚያ የእግሩን ዱካ በመጥረጊያ እያጠፋ ወደ ኋላው ይወጣል፤ በሩን ዘግቶ ያትማል። ነገም እንዲሁ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የቀረበው ምግብ አይጣልም፤ አምላኩ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ወደ ካህናቱ ይመለሳል፤ ደመወዛቸው እሱ ነው። አብዛኞቹ ካህናት ደግሞ እንደኛ ሰሞነኞች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አዲሱ መንግሥት በሚባለው የግብፅ ታሪክ ዘመን በአራት ምድብ ተከፍለው አንድ ወር አገልግለው ሦስቱን ወር ወደ እርሻቸውና ወደ ሌላ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ዓለም በራሷ ቆማ አትውልም ከሚል ጽኑ ስሜት የመጣ ነው። ለግብፃዊው ፍጥረት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አይደለም። የፀሐይ አምላክ ሌሊት ሌሊት በጀልባው የታችኛውን ዓለም ያቋርጣል፤ አፖፊስ የሚሉት ግዙፍ እባብ ይገጥመዋል፤ እባቡ ካልተሸነፈ ንጋት የለም። ስለዚህ ካህናቱ የእባቡን ምስል በሰም ሠርተው ይረግጡታል፣ በቢላ ይወጉታል፣ ያቃጥሉታል። ማአት የምትባለው፣ እውነትና ፍትሕና ሥርዓት በአንድነት የሆነችው፣ በሰማይ ተጽፋ የተቀመጠች ሕግ አይደለችም፤ በየቀኑ ካልታደሰች የምትፈርስ ናት። በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ንጉሡ ይህችኑ ማአት በትንሽ ሴት አምሳል በመዳፉ አስቀምጦ ለአማልክት ሲያቀርብ ይታያል። የሚመገቡት እርሷን ነው። አምላክ የሰውን እጅ ይሻል የሚለውን ይህን አሳብ ምዕራቡ ለመዋጥ ተቸግሯል፤ ለኛም ቢሆን የሚቀል አይመስለኝም።

የሃይማኖት መግለጫ አልነበራቸውም። በሄልዮፖሊስ ዓለም ከአቱም ወጣች፤ በሄርሞፖሊስ ከስምንት ጥንታውያን አማልክት ተገኘች፤ በሜምፊስ ፕታህ ፈጠራት። ማንም ማንን መናፍቅ አላለም፤ ጉባኤም አልተጠራም። በባዝል ያስተምር የነበረው ኤሪክ ሆርኑንግ በ1971 ባወጣው መጽሐፉ ይህን በሰፊው መርምሮታል፤ ለግብፃዊው የአንዱ ነገር እውነት መሆን ሌላውን ሐሰት እንደማያደርገው አሳይቷል። ሃይማኖት ማለት በመጀመሪያ «ምን ታምናለህ?» የሚል ጥያቄ ከሆነ ግብፃዊው ግራ ይገባው ነበር። የእሱ ጥያቄ «ዛሬ ተረኛው ማን ነው?» የሚል ነው።

ግሪኮች ግን ትምህርት ፈልገው ነው የመጡት። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አገሩን አይቶ፣ የግሪክ አማልክት ስሞች ከጥቂቶቹ በስተቀር ከግብፅ የመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ፕላቶ «ጢማዮስ» በተባለው ሥራው ሶሎንን በሳይስ ከተማ ከአንድ አረጋዊ ካህን ፊት አስቀመጠው፤ ካህኑም ግሪኮችን ትዝታ የሌላቸው ሕፃናት አድርጎ ቆጠራቸው። ግብፅ ሽማግሌ፣ ግሪክ ልጅ፤ ሽማግሌው ለልጁ ያልነገረው ነገር አለ። ይህ ሥዕል ከአውሮፓ ልብ ዳግመኛ አልወጣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የአምላኩ የኦሲሪስ ነገር ነው። ወንድሙ በሣጥን ቆልፎ ወንዝ ላይ እንደ ጣለው፣ ኋላም ሥጋውን ቆራርጦ እንደ በተነው፣ ሚስቱ ኢሲስ እየዞረች እንደ ለቀመችው ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ተተርኮ የሚገኘው ግን በግብፅኛ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት መባቻ በግሪክኛ በጻፈው በፕሉታርክ ነው። ግብፃውያን በሺህ በሚቆጠሩ ጽሑፎቻቸው ታሪኩን ሲነካኩት ኖሩ፤ ግድያውን ግን በግልጽ ለመተረክ ይሸሹ ነበር፤ የተጻፈ ነገር ኃይል ያገኛልና። ፕሉታርክ ራሱ የዴልፊ ካህን ነበር። ቢሆንም ታሪኩን ታሪክ አድርጎ ሊተወው አልሆነለትም፤ ከሥሩ ፍልስፍና ለመቆፈር ብዙ ደከመ።

በዚያው መጽሐፉ በሳይስ ስለ ነበረች የአንዲት አምላክ ምስል ያወሳል፤ በጽሑፏ ራሷን የነበረውና ያለው የሚመጣውም ሁሉ አድርጋ፣ መጎናጸፊያዋን የገለጠ ሟች እንደሌለ ትናገራለች። ፈላስፋው ካንት በ1790 ይህን ጠቅሶ ከዚህ የላቀ ቃል ምናልባት ተነግሮ አያውቅም አለ። ቤትሆቨን ጽሑፉን በገዛ እጁ ገልብጦ በመስተዋት አስገጥሞ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለቱም የዚያ መጎናጸፊያ ነገር ማርኳቸዋል፤ እውነት ማለት የተሸፈነ ነገር ነው፤ ሊገልጠው የሚደፍር የለም። በግብፅ ቤተ መቅደስ ግን የአምላኩን ልብስ በየማለዳው የሚያወልቅና የሚያለብስ ተረኛ ነበረ! ጥንቃቄ ነበረ፤ ንጽሕና ነበረ፤ ማንም የማይገባበት ክፍልም ነበረ። ያ ክፍል የተዘጋው ግን ውስጡ ስለሚሠራው ሥራ ክብር እንጂ እዚያ ስለ ተደበቀ ትምህርት አልነበረም።

ጥፋቱን ሁሉ በምዕራቡ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ካህናቱ ራሳቸው እጃቸው አለበት። አገሪቱ በመቄዶንያ፣ ኋላም በሮም ገዥዎች እጅ ከወደቀች ወዲህ ቤተ መቅደሱ የግብፃውያን የመጨረሻ ግቢ ሆነ፤ ካህናቱም ጽሑፋቸውን እያወሳሰቡት ሄዱ። ቀድሞ ከአንድ ሺህ በታች የነበረው የምልክቶቹ ቁጥር ወደ ብዙ ሺህ አደገ። በኤስና ቤተ መቅደስ አንዱ መዝሙር ከሞላ ጎደል በአዞ ምልክቶች ብቻ፣ ሌላው በበግ አውራ ምልክቶች ብቻ ተጽፏል። ይህ የሊቅ ጨዋታ ነው፤ አገሩን የተቀማ ሰው በቀረችው አንድ ነገር ላይ የሚያጥረው አጥርም ነው። ከውጭ የቆመው ግሪክ አጥሩን አይቶ ከወዲያ ወርቅ አለ ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል?

ሮማውያን ሁለት ልብ ነበሩ። አውግስጦስ አፒስ የተባለውን ቅዱስ በሬ እንዲያይ ሲጠየቅ፣ አማልክትን እንጂ ከብት ማምለክ አልለመድሁም ብሎ ሳያየው ሄደ። የኢሲስ አምልኮ ግን ከጣሊያን እስከ ብሪታንያ ተስፋፋ፤ በፖምፔ ያለው ቤተ መቅደሷ በ1764 ከአመድ ሥር ሲወጣ አውሮፓን ሁሉ አስደነቀ። ወደ ሰሜን የሄደችው ኢሲስ የባሕርተኞች ጠባቂ፣ የምስጢር ማኅበር እመቤት ሆና ነበር፤ የአባይን ሙላት የምታስጀምረውን የቀድሞዋን ሴት ለማወቅ ያስቸግራል።

መጨረሻው የመጣው በፊላይ ደሴት ነው። ነሐሴ 24 ቀን 394 አንድ ካህን የአምላኩን የማንዱሊስን ምስል ቀርጾ በአጠገቡ በሄሮግሊፍ ጻፈ። ዛሬ ከምናውቃቸው ሁሉ የመጨረሻው የሄሮግሊፍ ጽሑፍ እሱ ነው። የደሴቲቱ ቤተ መቅደስ እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ዩስጢንያኖስ እስኪያዘጋው ድረስ የቆየው ከደቡብ የሚመጡ ብሌምዮችና ኖባውያን ኢሲስን እንዲሳለሙ ከሮም ጋር ስለ ተዋዋሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ሺህ ዓመት አለፈ። በ1460 ገደማ አንድ መነኩሴ የግሪክኛ ብራና ይዞ ከመቄዶንያ ፍሎረንስ ገባ። ከተማዋን የሚያሽከረክረው ባለጸጋ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ ሸምግሏል፤ ማርሲሊዮ ፊቺኖ የፕላቶን ሥራዎች እንዲተረጉምለት አዝዞ ነበር። ብራናው ሲደርስ ግን ፕላቶ ይቆይና ይህ ይቅደም አለ። ጽሑፉ የሄርሜስ ትሪስሜጊስቶስ ነው፤ ሄርሜስ ማለት የግብፁ አምላክ ቶት ነው፤ ጥበቡም ከሙሴ ዘመን የወረደ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር። በሞት አፋፍ ያለ ሰው ፕላቶን አስቀምጦ እሱን ሊያነብ መቸኮሉ ያሳዝናልም፣ ያስቀናልም። ፊቺኖ በ1463 ጨረሰለት፤ ኮሲሞ በማግሥቱ ዓመት ሞተ። በ1488 የሲየና ካቴድራል ወለል ላይ የሄርሜስ ምስል በዕብነ በረድ ተነጠፈ፤ ምእመናን ገና ከበሩ ሲገቡ የሚያገኙት አረማዊው ጠቢብ ነው። በ1614 ኢሳቅ ካዞቦን የተባለ ሊቅ የግሪክኛውን ጠባይ መርምሮ ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በኋላ የመጣ መሆኑን አሳየ። ተስፋው ግን በማስረጃ የሚሞት አልነበረም። ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ ኢየሱሳዊው አታናሲዩስ ኪርኸር በሮም ያሉትን ሐውልቶች «እያነበበ» ወፋፍራም ጥራዞች አሳተመ፤ የንጉሥ ስምና ማዕረግ ብቻ በተጻፈበት ቦታ የሰማይን ኃይላት መውረድና መውጣት ያይ ነበር።

በዚያው ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች የግብፃውያንን አስከሬን ፈጭተው በጥቅል ይሸጡ ነበር። ለተቀጠቀጠ ሰውነትና ለደም መፍሰስ ይጠጣ ነበር። የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ በ1582 ይህን በጽሑፍ ቢነቅፍም ንግዱ ቀጠለ። ሠዓሊዎችም ከዚሁ አስከሬን የተሠራ ቡናማ ቀለም ይጠቀሙ ነበር። በ1890 ደግሞ 180,000 ገደማ የድመት አስከሬኖች ሊቨርፑል ወደብ ደርሰው ለማዳበሪያ በጨረታ ተሸጡ። የግብፃዊውን ነፍስ በጥበብ ስም ሲሳለሙ ሥጋውን በማንኪያ ይውጡት ነበር። ሁለቱ ነገሮች ይጣረሳሉ የሚል ሰው ብዙም አልተገኘም፤ እኔም የሚጣረሱ አይመስለኝም። በሁለቱም ግብፅ የምትፈለገው ለሌላ ሰው ሕመም መድኃኒት እንድትሆን ነው።

መስከረም 27 ቀን 1822 ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን የሄሮግሊፍን አነባበብ ማግኘቱን አስታወቀ። የቅብጥን ቋንቋ ካስተማሩት አንዱ በፓሪስ ይኖር የነበረ ዩሐና ሺፍትሺ የተባለ ግብፃዊ ቄስ ነው። ኪርኸርና መሰሎቹ የጥንቱን ጥበብ በከዋክብት ሲፈልጉ የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ ልጅ፣ ቅብጥ፣ በግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴ ይዜም ነበር። ለንባቡ መክፈቻ የሆነው የሮዜታ ድንጋይስ ምን ይላል? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ካህናቱ ያወጡት ውሳኔ ነው፤ ንጉሡ ግብር ስለ ቀነሰ፣ ለቤተ መቅደስ ስለ ሰጠ፣ ምስሉ በየቤተ መቅደሱ ይቁም ይላል። የዘመናት ምስጢር ቁልፍ የግብር ወረቀት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። ተናገሩም፤ ግን አንድ ነገር ደጋገሙ። በመቃብር ሐውልቶች ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ጽሑፍ የመባ ቃል ነው፤ ለእገሌ፣ ለእገሊት ልጅ፣ ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ፣ ሺህ በሬና ወፍ፣ ልብስና ቅባት ይሁንለት። ብዙዎቹ ከዚህ አልፈው መንገደኛውን ይጣራሉ። በዚህ መቃብር የምታልፉ በሕይወት ያላችሁ፣ ጸሐፊም ሁኑ ካህን፣ ዳቦና ጠላ በእጃችሁ ከሌለ በአፋችሁ በሉልኝ፤ የአፍ ትንፋሽ ነው፣ አያደክማችሁም ይላሉ። ለሙታኑ ተዝካር ለሚያወጣ ሕዝብ ይህ ልመና እንግዳ አይሆንበትም፤ የኛው ከዚያ ወረደ ለማለት ግን አይደለም። ድንጋዩ ለሁለት ሺህ ዓመት ሊነግረን አይፈልግም የተባለው ነገር ይህ ነበር። ዳቦ እየለመነ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ብዙዎቹ ቅር ተሰኙ፤ ስለ ነፍስና ስለ ዘላለም ጠብቀው የእህል ዝርዝር አገኙ። እኔ ግን ከዚህ ልመና የሚበልጥ ፍልስፍና በግብፅ መፈለግ ያለብን አይመስለኝም። ለግብፃዊው መታወስ ስሜት አይደለም፤ መብላት ነው። ሟቹ በሕያዋን አፍ ላይ ጥገኛ ነው፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር ይጎርሳል፤ በተረሳ ቁጥር ይራባል። አማልክቱም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም፤ እነሱም በሰሞነኛው እጅ ይበላሉ። ከላይ እስከ ታች ሕልውና ማለት አንዱ ሌላውን መመገብ ነው፤ ለብቻው የሚኖር የለም። ምዕራቡ ለግብፅ ያቆየው ትዝታ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚጎድለው ይኸው ነው፤ ወሰደ፣ ፈታ፣ አደነቀ፣ በላም፤ አልመገበም።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አንባቢ የሻባካን ድንጋይ ሊያነሣብኝ ይችላል፤ ተገቢ ነው። ሻባካ የኩሽ ንጉሥ ነው፤ የዛሬው ሱዳን ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊ ነው ብለን ለመንጠቅ አንቸኩል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ገደማ ግብፅን ሲገዛ፣ በሜምፊስ ትል የበላው አሮጌ ጽሑፍ አግኝቻለሁ ብሎ በጥቁር ድንጋይ ላይ አስገለበጠው። ጽሑፉ ፕታህ ዓለምን በልቡ አስቦ በምላሱ እንደ ፈጠረ ያትታል። አሜሪካዊው ጄምስ ሄንሪ ብሬስተድ በ1901 ሲያነበው የዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ትዝ አለው፤ በመጨረሻ ግብፃዊ ፈላስፋ ተገኘ! እርግጥ ነው፣ ታላቅ አሳብ ነው። ጽሑፉ ንጉሡ እንዳለው ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ክብሩን አይቀንሰውም። የድንጋዩ መሐል ግን ተበስቷል፤ ዙሪያውን ተቦርቡሯል፤ ፊደሎቹም ተልጠዋል። በተለምዶ የሚሰጠው ምክንያት በኋላ ዘመን ሰዎች ወፍጮ አድርገውት ነበር የሚል ነው። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ቆሞ የሚያየው ሊቅ ስለ ጠፉት መስመሮች ያዝናል። የሜምፊስ ገበሬ ግን ፕታህን ከነገረ መለኮቱ ጋር ዱቄት ስላስፈጨው እንደ በደለው አላወቀም። ፕታህ ራሱ የእጅ ባለሙያዎች አምላክ ነበርና ብዙ የሚከፋው አይመስለኝም።

ምዕራቡ ከግብፅ ሕዝብ መካከል የመረጠውን ወዳጅ ማየትም ይጠቅማል። አኬናተን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት 17 ዓመት ያህል ነገሠ፤ አቴንን፣ የፀሐይዋን ክብ፣ ብቸኛ አምላክ አደረገ፤ የአምላኩን የአሞንን ስም ከየግድግዳው አስፋቀ። በአማርና፣ አይ በተባለ ሰው መቃብር የተገኘውን የአቴን ምስጋና ከመዝሙረ ዳዊት (በኛ ቁጥር ከ103ኛው) ጋር ያላስተያየ ሊቅ የለም ማለት ይቻላል። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ በሞተበት ዓመት በ1939 ባሳተመው መጽሐፉ ሙሴን የአኬናተን ተከታይ የሆነ ግብፃዊ አደረገው። አኬናተንን የገዛ ሕዝቡ ግን ሥራውን አፈረሰበት፤ ስሙን ከነገሥታት ዝርዝር አወጣው። ግብፅ የጣለችው ሰው ነው ለአውሮፓ የቀረበው ግብፃዊ። በልብ ሚዛንም የሆነው ይኸው ነው። ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም፣ አላስለቀስሁም እያለ ልቡ ከማአት ላባ ጋር ሲመዘን የሚያሳየው ሥዕል በየመማሪያ መጽሐፉ ገብቷል፤ የኅሊና ጎሕ ተባለለት። ልብ በባለቤቱ ላይ እንዳይመሰክር በደረት ላይ ስለሚቀመጠው የጢንዚዛ ክታብ ግን እምብዛም አይወራም። ፍርዱን የሚፈራው ሰው ፍርዱን የሚያባብልበትን መላም ይዞ ሄደ፤ ሁለቱንም ካላየን ሰውየውን አላየነውም።

ስለ ቱታንካሙን እርግማንና ስለ አሜሪካ ዶላር ፒራሚድ ረጅም ነገር አልጽፍም። መቃብሩን በ1922 ያገኘው ሃዋርድ ካርተር ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ኖሯል። በዶላሩ ላይ ያለችው ዓይን ደግሞ የሆረስ አይደለችም፤ አውሮፓውያን ክርስቲያኖች የእግዚአብሔርን ጠባቂነት ይሥሉባት የነበረች ዓይን ናት።

ከግብፅ በእውነት የተረፈው ማንም ምስጢር ብሎ የማይፈልገው ነው። ቀኑን 12፣ ሌሊቱን 12 ሰዓት አድርገው የከፈሉት እነሱ ናቸው። ዓመቱን በ12 ወር፣ ወሩን በ30 ቀን ቆጥረው፣ በመጨረሻ 5 ቀን ጨመሩ። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ሄርሜስ ከጨረቃ ጋር ቁማር ተጫውቶ ከብርሃኗ ቀንሶ ያገኛቸው ቀኖች ናቸው፤ ኦሲሪስና ኢሲስ ከእህትና ከወንድሞቻቸው ጋር በነዚያ ቀኖች ተወለዱ። ዩልዮስ ቄሳር የሮምን አቆጣጠር በ365 ቀን ከሩብ ሲያስተካክል ያማከረው የእስክንድርያውን ሶሲጌኔስን ነው። የፈረንሳይ አብዮተኞች ሃይማኖትን ከዘመን አቆጣጠር ለመንቀል ሲነሡ በ1793 ያወጁት 12 ወር ባለ 30 ቀንና 5 ትርፍ ቀን ነበር፤ ከክርስትና ሸሽተው የወደቁት በግብፅ ካህናት አቆጣጠር ላይ ነው። ያ አቆጣጠር 12 ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ቀረ። የቅብጦችና የኛ አቆጣጠር ግን ያንኑ መልክ እንደ ያዘ አለ፤ በጳጉሜ ጠበል የሚጠመቅ ሰው የኢሲስን ልደት አያስብም፤ ማሰብም የለበትም። የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ወሮች ግን ዛሬም የአማልክቱን የቶትንና የሃቶርን ስም እንደ ያዙ ናቸው፤ የግብፅ ገበሬም በነሱ ቆጥሮ ይዘራል። ይህ ያለ አድናቆት፣ ያለ ትንታኔ፣ በየቀኑ የሚሠራ ትዝታ ነው። ከፊቺኖ ትርጉም ይልቅ ለካህናቱ ሥራ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን፣ ቱሪን ወይም ኒው ዮርክ የምትኖሩ አንባቢዎች ሙዚየም መግባታችሁ አይቀርም። በግብፅ ክፍል ከወርቁና ከሬሣ ሣጥኑ ወጣ ብላችሁ በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን ትንንሽ የድንጋይ ሐውልቶች እዩ። ብዙ ሰው አልፏቸው ይሄዳል። ከሥራቸው በተለጠፈው ወረቀት ላይ የሟቹ ስም አለ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ጠላ በሉለት። በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም፤ ጥበቃው ቢገላምጣችሁም ሥራችሁን ጨርሱ።